የአስታማሚ ፍርሃት

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ዕድሜዋ ከሠላሳዎቹ እኩሌታ አይዘልም። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም መዘዙ ወደ ልቧ ተሻግሮ አንዱን ቫልቭ፣ ማለትም ደም አሳልፎ መልሶ የሚዘጋውን የልብ በር፣ አበላሽቶት ኖሯል። ደረቷ ተከፍቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገባላት። እኔ በሄድኩበት ዕለት ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። እናቷ ከግርጌ፣ ባሏ ከራስጌ ተቀምጠዋል። እርሷ ትራስ ተደግፋ ጋደም ብላለች። ውሃ ጠማትና አጠገቧ ካለው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ልታነሣ እጇን ዘረጋች። ባሏ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ «ተይ እንጂ! እኔ ምን ልሠራ ተቀምጫለሁ?» አለና ብርጭቆውን ከእጇ ወስዶ ራሱ አጠጣት። ጠያቂው ሁሉ «እሰይ! ባል እንዲህ ነው!» አለ። እኔም አልኩ። እርሷ ግን ጠጥታ ስታበቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስወጣ ባልየው እስከ በር ሸኘኝ። ዓይኑ ደም መስሏል። «ሌሊት አልተኛም» አለኝ። «ሰፈሩ ጸጥ ሲል ቫልቩ ደረቷ ውስጥ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። እሱን ስቆጥር ይነጋል። ቢቆምስ እላለሁ።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የባልየው እንቅልፍ ማጣትና የሚስቲቱ ፊት ማዞር ነው። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ለመሆኑ የልብ በሽተኛ አይነሣ፣ አይንቀሳቀስ፣ ምንም አይንካ የሚለው ሕግ ከየት መጣ? ማንስ ሻረው? ሐኪሞች ከሻሩትስ በኋላ በአስታማሚ ልብ ውስጥ ሳይሻር የቀረው ለምንድን ነው?

ስድስት ሳምንት በጀርባ

ነገሩ የሚጀምረው ከራሳቸው ከሐኪሞቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ጄምስ ሄሪክ የተባሉ የቺካጎ ሐኪም፣ የልብን ጡንቻ የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ምን እንደሚከተል የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። እስከዚያ ድረስ ይህ አደጋ የደረሰበት ሰው ወዲያው ይሞታል የሚል እምነት የጸና ነበር። ሄሪክ በሽተኛው ሊተርፍ እንደሚችል አሳዩ። ለሚተርፈውም ፍጹም ዕረፍት ያስፈልገዋል አሉ።

ምክንያቱ ለጆሮ የሚጥም ነው። የተሰበረ እግር እንዲጠገን ይታሰራል። የተጎዳ ልብም ዕረፍት ይሻል። ዳሩ ግን ልብን ማሰር አይቻልም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ይታሰር ተባለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሟቾችን ልብ የመረመሩ ሐኪሞች፣ ቁስሉ ጽኑ ጠባሳ ለማበጀት ስድስት ሳምንት ያህል እንደሚፈጅበት ገለጡ። ከመርማሪዎቹ አንዱ ፖል ደድሊ ዋይት የተባሉት የቦስተን ሐኪም ነበሩ። የእኚህን ሰው ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስድስት ሳምንት የሚለው ቁጥር ሕግ ሆነ። በሽተኛው በጀርባው ተንጋሎ ይከርማል። ሌላ ሰው ያጎርሰዋል፣ ሌላ ሰው ጺሙን ይላጨዋል፣ ሌላ ሰው ያገላብጠዋል። እኛ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው አነጋገር እንደዚያ ዘመን የልብ በሽተኛ በቀጥታ የሚገልጠው ያለ አይመስለኝም። ቁራኛ ማለት ከሌላው ጋር በአንድ ሰንሰለት የታሰረ ማለት ነውና።

ሰንሰለቱም ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሳይንቀሳቀስ የከረመ ሰው በእግሩ ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ሳንባ ራሱ ይታመማል፣ ጀርባ ይቆስላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል። ከሁሉም በላይ ሰውየው ራሱን እንደ ሞተ ይቆጥራል። ሲሞትም ልቡ ገደለው ይባላል። ከሟቾቹ አንዳንዱን የገደለው ግን አልጋው ነበር።

ከዚህ የተረፈው ወደ ቤቱ ሲመለስ አልጋው አብሮት ይገባል። የሐኪሙን ትእዛዝ የምትረከበው ሚስት ናት። ዶክተሩ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚናገረውን እርሷ በቀን መቶ ጊዜ ትደግመዋለች፦ አትነሣ፣ ደረጃ አትውጣ፣ አትቆጣ፣ ልጁን አትቀፍ። ትእዛዙ የሐኪም ቢሆንም አፉ የሚስት ሆነ። ሐኪሞቹ በኋላ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ታዲያ ይህን የሚስት አፍ አብሮ የቀየረው ሰው አልነበረም።

ወንበር የለወጠው ሕክምና

ሕጉን ከደፈሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሳሙኤል ሌቪን ናቸው። በቦስተን ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል የሚሠሩ የታወቁ የልብ ሐኪም ነበሩ። ረዳታቸው ደግሞ ከሊትዌኒያ በልጅነቱ ተሰድዶ አሜሪካ የገባው ወጣቱ ዶክተር በርናርድ ላውን ነበር። የሌቪን ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ሲተኛ ከእግሩ የሚመለሰው ደም ወደ ደረቱ ይጎርፋል፤ ሥራው ለልብ ይበዛል። እግሩን አውርዶ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ግን የሚመለሰው ደም ይቀንስለታል። እንግዲህ ለልብ የሚያሳርፈው አልጋው ሳይሆን ወንበሩ ነው ማለት ነው።

ሁለቱ ሐኪሞች 81 በሽተኞችን ገና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምረው አንሥተው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙ። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ በሽተኛን ማስገደል ነው ብለው እንደ ተቃወሟቸው ላውን በኋላ ጽፈዋል። የተፈራው ግን አልሆነም። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሲጽናኑ ታዩ፤ ተስፋቸውም ተመለሰ። ላውን ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠሩ። ከሶቪየቱ ሐኪም ከየቭጌኒ ቻዞቭ ጋር የመሠረቱት፣ የኑክሌር ጦርነትን የሚቃወም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። ይሁን እንጂ ስንቱን ሰው ከአልጋ ሰንሰለት የፈታው ያ ወንበር ከሽልማቱ ያነሰ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አንድ አስደናቂ ሙከራ ተደረገ። ምንም ሕመም የሌለባቸው አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው ኦክሲጅን ተጠቅሞ ለመሥራት ያለው ከፍተኛ አቅም ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ 30 ዓመት እርጅና ያደረሰባቸው ጉዳት ያ የሦስት ሳምንት አልጋ ካደረሰባቸው ያነሰ ሆነ። ጤነኛውን ጎረምሳ እንዲህ ያደረገ አልጋ የታመመውን ምን ያደርገው ይሆን?

የፕሬዚዳንቱ ሚስት ደብዳቤዎች

ወንበሩ ከሆስፒታል ወጥቶ በዓለም ሁሉ የተሰማው በአንድ ትልቅ ሰው ሕመም ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1955 ሌሊት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ዴንቨር ከተማ፣ በሚስታቸው በማሚ እናት ቤት ሳሉ ልባቸው ታመመ። ዕድሜያቸው 64 ነበር። ሊያዩዋቸው ከተጠሩት ሐኪሞች መካከል እነዚያ ስማቸውን ያዙልኝ ያልኳችሁ ፖል ደድሊ ዋይት ይገኛሉ።

ዋይት የስድስቱን ሳምንት ጠባሳ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ይሁንና የእርምጃና የብስክሌት ወዳጅ ነበሩ። ስለ ፕሬዚዳንቱ ሕመም በጋዜጠኞች ፊት ቆመው ሳይሸፋፍኑ አስረዱ። የልብ አደጋ የሥራም የሕይወትም ፍጻሜ አለመሆኑን በዚያው አጋጣሚ ለሕዝብ አስተማሩ። አይዘንሃወር ሰባት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ቆይተው ኖቬምበር 11 ቀን ወጡ፤ ማገገሙን ጌቲስበርግ ባለው እርሻቸው ቀጠሉ። በተከታዩ ዓመት እንደገና ተመረጡ። የሞቱት በ1969 ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን የማሚ ሁኔታ ነው። ባለቤታቸው ሆስፒታል በከረሙበት ጊዜ እርሳቸውም እዚያው ፎቅ ላይ ክፍል ይዘው አብረው ከረሙ። ከዓለም ዙሪያ የመልካም ምኞት ደብዳቤ ይጎርፍ ነበር። ማሚ ተቀምጠው በሺህ ለሚቆጠሩት መልስ ጻፉ። ነገሩ እብደት የመሰላቸው ነበሩ። እኔ ግን ሴትየዋ ለራሳቸው መድኃኒት አግኝተው ነበር እላለሁ። ሥራ ያለው አስታማሚ ፍርሃቱን በሥራው ላይ ያሳርፈዋል። ሥራ የሌለው አስታማሚ ግን ፍርሃቱን የሚያሳርፈው በበሽተኛው ላይ ነው።

ደረት ሲከፈት

እስካሁን ያወጋነው ስለ ሕመሙ ነው። ቀዶ ጥገናው ሲመጣ የአስታማሚው ፍርሃት አዲስ መልክ ያዘ። ደረቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ልቡ ቆሞ፣ እንደገና የተነሣን ሰው አቅፎ መተኛት ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ቀዶ ጥገና በር የከፈተው መሣሪያ ራሱ የባልና ሚስት ሥራ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ጆን ጊበን ወጣት የቀዶ ጥገና ሐኪም ሳሉ በ1930ዎቹ መባቻ ቦስተን ውስጥ፣ ሳንባዋ ሥር በረጋ ደም የተዘጋባት አንዲት በሽተኛ አጠገብ ሌሊቱን ሲጠብቁ አደሩ። ሴትየዋ አልዳነችም። ያን ሌሊት፣ ደሙን ከሰውነት ውጭ አውጥቶ ኦክሲጅን አቀብሎ የሚመልስ መሣሪያ ቢኖር የሚል ሐሳብ መጣላቸው። በዚያው ላቦራቶሪ ትሠራ የነበረችውን ሜሪ ሆፕኪንሰንን አገቡ። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስቱ ዓመታት ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው መሣሪያውን ሠሩ። ለሙከራ የሚሆን ድመት ሲቸግር ጊበን ማታ ማታ የዓሣ ሥጋና ጆንያ ይዘው በቦስተን ጎዳና ባለቤት የሌለው ድመት ያድኑ እንደ ነበር ራሳቸው አጫውተዋል። በመጨረሻ ሜይ 6 ቀን 1953 ፊላደልፊያ ውስጥ የአንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ ልብ ተከፍቶ ሲጠገን መሣሪያው ለ26 ደቂቃ የልቧንና የሳንባዋን ሥራ ተክቶ ሠራ። ልጅቷ ዳነች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1960 አልበርት ስታር የተባሉ ሐኪም ከኢንጂነር ሎዌል ኤድዋርድስ ጋር የሠሩትን፣ በሽቦ ቀፎ ውስጥ ኳስ የመሰለ ነገር የሚንቀሳቀስበትን ሰው ሠራሽ ቫልቭ በፖርትላንድ ከተማ ለአንድ የ52 ዓመት ሰው አስገቡለት። ያ ሰው የሞተው ከብዙ ዓመታት በኋላ ቤቱን ቀለም ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ነው ይባላል። አሟሟቱ ያሳዝናል፤ ነገር ግን መሰላል ላይ ለመውጣት መብቃቱን ልብ ይሏል! በ1967 ደግሞ ለ12 ዓመት የገጠር ሐኪም ሆነው የሠሩት አርጀንቲናዊው ሬኔ ፋቫሎሮ፣ በክሊቭላንድ ከእግር የተወሰደ የደም ሥር ተጠቅመው ለተዘጋው የልብ ሥር መተላለፊያ የማበጀቱን ዘዴ አስለመዱ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ውስጥ ክርስቲያን ባርናርድ የሰው ልብ ለሰው ተከሉ።

የመጀመሪያው ተተካይ ሉዊስ ዋሽካንስኪ የኖሩት 18 ቀን ብቻ ነው፤ ቤታቸውን ሳያዩ ሞቱ። ሁለተኛው፣ የጥርስ ሐኪሙ ፊሊፕ ብላይበርግ ግን ጃንዋሪ 2 ቀን 1968 ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው በመጋቢት አጋማሽ በእግራቸው ወጥተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው አይሊን የሌላ ሰው ልብ የያዘ ባል ተቀበሉ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ባሕር ውስጥ ሲዋኙ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ መጽሐፍ ጻፉ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 19 ወር ተኩል ኖረው በኦገስት 1969 ሞቱ። ዓለም ያኔ የጠየቀው ባርናርድን ነው። ቀዶ ጥገናው ግን የሰዓታት ሥራ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሆነ።

ሦስት ደቂቃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሐኪሞች አልጋውን ትተው ወንበሩን፣ ወንበሩን ትተው እርምጃውን አዘዙ። ሆኖም በሽተኛው ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ያው «አትነሣ» ነበር። ይህ ለምን ሆነ?

መልሱን በጥሩ ሁኔታ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ባር ቴይለር፣ የሥነ ልቡናው ሊቅ አልበርት ባንዱራና ጓደኞቻቸው የልብ አደጋ ደርሶባቸው ሦስት ሳምንት ያህል የሆናቸውን 30 ወንዶች ከነሚስቶቻቸው ወሰዱ። እነዚህ የተቀደዱ ሳይሆኑ በመድኃኒት የታከሙ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ። ወንዶቹ ትሬድሚል በሚባለው፣ ባሉበት በሚያስኬደው መሣሪያ ላይ እየተራመዱ ተፈተኑ። ሚስቶቹ በሦስት ተከፈሉ። አሥሩ ውጭ ሆነው ጠበቁ። አሥሩ ባላቸው ሲራመድ ቆመው ተመለከቱ። የቀሩት አሥሩ ግን ከተመለከቱ በኋላ ራሳቸው መሣሪያው ላይ ወጥተው ሦስት ደቂቃ ተራመዱ።

ከፈተናው በፊት ሚስቶቹ የባሎቻቸው ልብ ይችላል ብለው የሚገምቱት ባሎቹ ራሳቸው ከሚገምቱት ያነሰ ነበር። ከፈተናው በኋላ ውጭ የጠበቁት ግምታቸው ዝቅ እንዳለ ቀረ። በዓይናቸው ያዩትም እንዲሁ። ባላቸው የቻለውን በገዛ እግራቸው የቀመሱት ግን ግምታቸው ከባሎቻቸው ግምት ጋር እኩል ሆነ።

ጥናቱ ትንሽ ነው። ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ፍርሃት በምክር አይሄድም፤ በማየትም አይሄድም። ሚስት «ዳገቱን ይችለዋል» የሚለውን ቃል ከሐኪም ብትሰማም አታምንም። አብራ ስትወጣው ግን ታምናለች። አለማመኗም በበሽተኛው ላይ ጉዳት አለው። ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀኝ ሰው «አትችልም» ብሎ ካየኝ፣ እችላለሁ ብዬ የምነሣው በምን ጉልበቴ ነው? ጎረቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው ለዚህ ነበር። ብርጭቆው ሲወሰድባት አብሮ የተወሰደባት ነገር ነበረ።

ባልና ሚስት ከአንድ ውሃ

ይህን ስል የአስታማሚን ዋጋ ማሳነሴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ጄምስ ኩሊክና ሃይከ ማለር በካሊፎርኒያ ባወጡት ጥናት፣ የልብ ሥር ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ባለትዳር ወንዶች ሚስቶቻቸው አዘውትረው የጠየቋቸው ያነሰ የሕመም ማስታገሻ ወሰዱ፣ ቶሎም አገገሙ። በ2012 ደግሞ የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ካትሊን ኪንግና ሃሪ ሪስ፣ ከ1987 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 225 ሰዎች ዕጣ አወጡት። ከ15 ዓመት በኋላ በትዳራቸው ደስተኛ ከነበሩት ባሎችም ሚስቶችም ከመቶ 83 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ካላገቡት ወንዶች የተረፉት ከመቶ 36 ናቸው። በትዳራቸው ደስተኛ ካልነበሩት ወንዶች ከመቶ 60 ያህሉ ሲተርፉ፣ ደስተኛ ካልነበሩት ሴቶች ግን የተረፉት ከመቶ 28 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ካላገቡት ሴቶች እምብዛም የማይለይ ነው።

ቁጥሩ ትዳር ራሱ ይፈውሳል ብሎ አያረጋግጥም። ነገር ግን ወንዱን ጎደሎም ትዳር ቢሆን ይጠግነዋል፤ ሴቲቱን ግን መልካም ትዳር ካልሆነ አይጠቅማትም የሚል ይመስላል። ምክንያቱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ወንዱ ሲታመም ምግቡ፣ መድኃኒቱ፣ ቀጠሮው በሚስት እጅ ነው። ሚስት ስትታመም ማድቤቱን ማን ይግባበት? እርሷ ተኝታም ስለ ወጡ ታስባለች። ባልና ሚስት ከአንድ ውሃ ይቀዳሉ ይባላል፤ ሲታመሙ ግን አንዱ ብቻ ቀጂ ሆኖ እንዳይቀር ማሰብ ይገባል።

እኛ ዘንድ

በአገራችን ልብ ሲነሣ ነገሩ የሽማግሌ ሕመም ብቻ አይደለም። በጀርም የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ካልታከመ ከዓመታት በኋላ የልብ ቫልቭን ያበላሻል። የሚጎዳውም በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። ለረጅም ዘመን ቀዶ ጥገናው ባሕር ማዶ ካልተሄደ አይገኝም ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት በመሠረቱት ድርጅት ጥረት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ብረት ነክ ቫልቭ የገባለት ሰው ደሙ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ማስታመም የሳምንታት ጉዳይ አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

ወደ ጎረቤቶቼ ልመለስ። በሌላ ቀን ባልየው ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠውን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አምጥቶ «እስኪ አንብብልኝ» አለኝ። ከዚያ በፊት ወረቀቱን አንብቦት ነበር፤ ያነበበው ግን «አይፈቀድም» የሚለውን ብቻ ነው። እውነት ነው፣ የተሰነጠቀው የደረት አጥንት እስኪገጥም ሁለት ወር ያህል ወይም ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ ከአራት አምስት ኪሎ በላይ ማንሣት፣ በር መግፋት፣ ልጅ ማቀፍ፣ እንስራ መሸከም ክልክል ነው። ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ከክልከላው በታች ደግሞ ሌላ ዝርዝር አለ፦ በየቀኑ እንድትራመድ፣ ከጥቂት ደቂቃ ጀምራ ቀስ በቀስ እንድትጨምር፣ ስትስል ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ እንድትይዝ፣ ሳትነፋ ጥልቅ ትንፋሽ እንድትወስድ አይቀር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለርሷ ሳይሆን አይቀርም።

ባልየው የሚፈራው ነገር እንዲኖረው ከፈለገም ወረቀቱ እውነተኛውን ፍርሃት ጽፎለታል። ትኩሳት፣ የቁስሉ መቅላትና ፈሳሽ ማውጣት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ የክብደት በድንገት መጨመር፣ የእግር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ መድማት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ዋርፋሪኑ ሰዓቱን ጠብቆ ይወሰዳል፤ የደም ምርመራ ቀጠሮው አይታለፍም። ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ ክልክል ባይሆንም አንድ ሳምንት ጠግቦ ሌላ ሳምንት መተው አይገባም። አስፕሪንም ሆነ የባሕል መድኃኒት ሐኪም ሳይጠየቅ አይጨመርበትም። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችልም ልጅ የሚያስቡ ባልና ሚስት አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ሁለት ነገር ደግሞ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ባይሰፍርም መነገር አለበት። አንደኛው የሐዘን ነገር ነው። ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ብዙዎች ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፣ ይቆጣሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ። ሳምንታት አልፈው ካልለቀቃቸው ይህም የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ውለታ ቢስነት አይደለም። ሁለተኛው ባልና ሚስት አፍ አውጥተው የማይጠያየቁት ነገር ነው። ሐኪሞች እንደ መለኪያ የሚናገሩት ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳይደክሙና ደረትን ሳያም መውጣትን ነው። ይህን ሐኪም መጠየቅ ነውር የለውም። ሳይጠየቅ በዝምታ የሚራራቀው አልጋ ግን ስንቱን ትዳር ያቀዘቅዛል።

ጠያቂንም የሚመለከት አንድ ቃል ልበል። እኛ ጠያቂ አብዝተን ቤት እንሞላለን፤ ደግ ባሕል ነው። ሆኖም ሰላሳ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ደረቱ የተከፈተ ሰው አያርፍም፤ የሚያስል ጠያቂም በሽታ ያመጣል። «እግዜር ይማርሽ» ብሎ አሥር ደቂቃ ቆይቶ መውጣት ፍቅር አይቀንስም። ጠያቂውን «አሁን ትረፍ» ብሎ መሸኘት የባል ሥራ ይሁን። የአስታማሚ ኃይል ቢውል ያማረው እዚህ ላይ ነው።

ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ ባልየው ጥቂት ዝም አለና «ታዲያ ብትወድቅብኝስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የስታንፎርዶቹን ሚስቶች ታሪክ ነገርኩት። በማግስቱ ማለዳ ሁለቱ ከግቢያቸው በር እስከ ጎረቤት አጥር ሄደው መመለሳቸውን ሰማሁ። እርሱም አብሮ፣ በእርሷ እርምጃ ልክ እየተራመደ።

ለመስቀል ልጠይቃቸው ስሄድ እርሷ ራሷ በር ከፈተችልኝ። ውሃ ቀድታ አቀረበችልኝ። ባልየው ከመቀመጫው እንደ መነሣት ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ያን መቀመጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስወጣ እንደ ቀድሞው እስከ በር ሸኘኝ፤ ስለ ቫልቩ ድምፅ ጠየቅሁት።

«ይሰማኛል» አለኝ። «መቁጠሩን ግን ትቻለሁ።»